የስፖኪዮዋ ዋጋ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንዴት ሰንብተዋል? የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ የማስተምረው ግን ደሴ ነው። አንዲት የቆየች ቪትዝ አለችኝ። በየቀኑ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ እወርዳለሁ። አምና ሙሉ ኢንሹራንስ የገባሁት 12,800 ብር ከፍዬ ነበር። ዘንድሮ የእድሳት ደብዳቤው ሲመጣ 30,000 ይላል! መኪናዋ አረጀች እንጂ አልታደሰች። አደጋም አላደረስኩም። ጥር ላይ አንድ ባጃጅ ስፖኪዮዬን ሰብሮብኝ ጠፋ፤ እሱን ካሳ ጠይቄ አሠራሁ እንጂ ሌላ የነካሁት ነገር የለም። ባለቤቴ «የመኪናዋን ዋጋ እንደ አምናው 800,000 ብለሽ አስመዝግቢ፣ ክፍያው ይወርዳል» ይለኛል። ከእኔ ጋር የሚመላለሱት ሦስት ባልደረቦቼ ደግሞ (ለነዳጅ ያግዙኛል) «ሦስተኛ ወገን ብቻ ግቢና ተገላገይ» ይላሉ። ውሉ የሚያልቀው ግንቦት 30 ነው። የሁለቱንም ዓመት ወረቀት ፎቶ አንስቼ ልኬልዎታለሁ። ምን ይሻለኛል?
የቪትዟ ባለቤት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ወረቀቶችሽን ጎን ለጎን አድርጌ፣ መነጽሬን ሰክቼ፣ ቡናዬን ይዤ ነው ያየኋቸው። እኔ ደሴ ውስጥ በአንድ የኢንሹራንስ ቅርንጫፍ የእድሳት መስኮት ላይ 19 ዓመት ተቀምጫለሁ። የወጣሁት በ2015 ነው። ያንቺን ጥያቄ በቀን ስንቴ እሰማው እንደነበር አትጠይቂኝ። «መኪናዬ አረጀች፣ ክፍያዬ ለምን ወጣ?» ሰዉ ይህን ሲለኝ ድምፁን ከፍ ያደርግ ነበር። እኔም በወጣትነቴ መልሼ እጮህ ነበር። በኋላ ወረቀቱን አዙሬ ማሳየት ጀመርኩ።

አንቺም ወረቀቱን አዙረሽ እዪው። አምና 800,000 ብር ላይ 2 በመቶ ታስቦ 16,000 መጣ። ካሳ ሳይጠይቅ ለከረመ ደንበኛ የሚሰጠው ቅናሽ፣ እኛ «ኖ ክሌም» የምንለው፣ 20 በመቶ ተቀነሰልሽ። 12,800 ሆነ። ዘንድሮ 1,500,000 ላይ ያው 2 በመቶ ነው፤ 30,000። የቅናሹ ረድፍ ላይ ግን ዜሮ ተጽፏል።

አየሽ፣ መቶኛው አልተነካም። የጨመረው የመኪናሽ ዋጋ ነው። የቀረው ደግሞ ቅናሽሽ ነው።

ስለ ዋጋው ብዙ ማለት አያስፈልገኝም፤ ገበያ የምትወጪ ሰው ነሽ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ያንቺ መኪና መለዋወጫ በሙሉ ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው። በዚያው ዓመት የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ፤ እዚህ ያለው አሮጌ መኪና ደግሞ እንደ ወርቅ ተያዘ። ኮፈን ሲወደድ ካሳ ይወደዳል። ካሳ ሲወደድ ኩባንያው ከማን ያመጣዋል? ከእኔና ካንቺ ነው። ደስ አይልም፤ ግን ይገባኛል።

ያላስተኛኝ ስፖኪዮሽ ነው። የካሳ ወረቀቱን አይቼዋለሁ። ጥገናው 4,500 ብር። ከዚያ ላይ ኤክሰስ፣ ማለትም በየካሳው ራስሽ የምትችይው፣ 1,500 ተቀነሰ። እጅሽ የገባው 3,000 ብር ነው። ኖ ክሌሙ ባይሰረዝ ኖሮ ዘንድሮ የምትከፍዪው 24,000 ነበር። ስለዚህ 3,000 ብር ለማግኘት 6,000 ብር ከፈልሽ። በዚያ ላይ ፖሊስ ጣቢያ የተመላለስሽበት አለ፣ ፕሮፎርማ የለመንሽበት አለ። መስኮት ላይ የነበረው ሰው ይህን ሊነግርሽ ይገባ ነበር። እኔም ብሆን በሥራ ብዛት ለስንቱ ሳልናገር እንዳለፍኩ አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ በእሱ አልፈርድም። ከእንግዲህ ግን ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ ትንሽ ላሜራ የመታት ነገር ሲመጣ መጀመሪያ ደውለሽ «ይህን ብጠይቅ ኖ ክሌሜ ምን ይሆናል?» በይ። ከዚያ ወስኚ።

አሁን ወደ ባልሽ ምክር። ክፉ አላሰበም፤ ወሎ ውስጥ ይህን ያልመከረ ባል የለም። ግን አይሆንም። ኢንሹራንስ የካሳ ውል ነው። መኪናሽ 1,500,000 እያወጣች 800,000 ብለሽ ካስገባሽ፣ ለተረፈው 700,000 ራስሽ መድን ሆነሻል ማለት ነው። አጠቃላይ ብትወድም ብቻ አይደለም። በትንሹም ጉዳት ቢሆን በዚያው መጠን ይቀነሳል። እንበልና ሐረጎ ላይ ገጨሽ፣ ጥገናው 150,000 ብር መጣ። ኩባንያው የሚያስበው ከ1,500 እጅ 800ውን ነው። 80,000 ብር ይከፍልሻል፤ ከዚያም ላይ ኤክሰሱን ያነሳል። 70,000 ብር ካንቺ ጓዳ ይወጣል። በእድሳቱ ያዳንሽው ስንት ነበር? 14,000።

ይህን ስነግርሽ ከሰው የሰማሁትን አይደለም። በ2005 ክረምት ነጭ ዲኤክስ ነበረችኝ። ገበያው 180,000 ይላል፤ እኔ 90,000 ብዬ አስመዘገብኳት። ልብ በይ፣ ቀመሩን ለሰው የማስረዳው እኔው ነኝ! «እኔን ምን ያገኘኛል» አልኩ። ነሐሴ ላይ አንድ አመሻሽ ከኮምቦልቻ ስመለስ ሐረጎ ላይ ጉም ወረደ። የሐረጎን ጉም ታውቂዋለሽ፤ የገዛ ኮፈንሽን እንኳ አያሳይሽም። አንድ የተበላሸ የጭነት መኪና፣ ከኋላው ድንጋይና ቅጠል እንኳ ሳይደረግለት፣ መንገዱ ላይ ተገትሯል። ፍሬን ያዝኩ። አስፋልቱ እርጥብ ነው። ገባሁበት። ኮፈኑ ታጠፈ፣ ሁለቱም ፓራውልት ረገፉ፣ ራዲያተሩ ፈሰሰ። እኔ ግንባሬ ብቻ አበጠ፤ ተመስገን።

ፕሮፎርማው 40,000 መጣ። ፋይሉን የያዘው እኔው ሥራ ያስለመድኩት ልጅ ነበር። አፍሮ ቀና ብሎ አላየኝም። ካልኩሌተሩን ወደ እኔ አዞረና «እትዬ፣ እርስዎ ይጫኑት» አለኝ። ተጫንኩት። 20,000። ኤክሰሱ ሲነሳ ደግሞ ከዚያም በታች። የዚያን ዓመት የልጄን የትምህርት ቤት ክፍያ ከእህቴ ተበድሬ ነው የከፈልኩት። ያ ሥራ ያስለመድኩት ልጅ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «ካልኩሌተር ልያዝ?» ይለኛል።

ታዲያ 30,000ውን ዝም ብለሽ ትከፍያለሽ? የለም።

መጀመሪያ 1,500,000 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? አንቺ አልሞላሽውም። ኩባንያው በግምት ጽፎ ልኮልሻል። ግን ፈርመሽ የምታስመዘግቢው አንቺ ነሽ። ስለዚህ እውነተኛውን ዋጋ ፈልጊ። ሁለት የመኪና ደላላ ጋ ደውዪ። ለአንዱ ሻጭ ሆነሽ፣ ለሌላው ገዢ ሆነሽ ጠይቂ። ሻጭ ስትሆኚ መኪናሽ «ዕቃ የላትም፣ ቀለሟ ወርዷል» ትባላለች። ገዢ ስትሆኚ ያቺው መኪና «እንዴት የተያዘች መሰለሽ!» ትሆናለች። እውነቱ መሃል ላይ ነው። የሚያውቅሽን ጋራዥም ጠይቂ። እንደ ላክሽው ፎቶ ከሆነ ያቺ ቪትዝ 1,500,000 መግባቷን እጠራጠራለሁ። 1,300,000 ከሆነች 2 በመቶው 26,000 ነው። በሁለት ስልክ 4,000 ብር አዳንሽ ማለት ነው። ከገበያው በላይ ማስመዝገብም ጥቅም የለውም። መኪናዋ ብትወድም የሚከፈልሽ በገበያ ዋጋዋ ነው፤ ትርፍ የከፈልሽው ቀለጠ።

ቀጥሎ ኤክሰሱን ከፍ አድርጊው። 1,500 ብር ኤክሰስ በዛሬ ዘመን ምን ይሠራል? ትንንሹን እንድትጠይቂ ይገፋፋሻል፣ ኖ ክሌምሽን ያስበላሻል። ስፖኪዮዋን ያየሻት ነሽ። «ኤክሰሱን 10,000 ባደርገው ክፍያው ላይ ስንት ትቀንሱልኛላችሁ?» በያቸው። ከኩባንያ ኩባንያ መልሱ ይለያያል፤ አንዳንዱ ምንም አልቀንስም ይልሻል። በቃል የሚነግርሽን አትመኚ፣ በወረቀት ይስጡሽ። ግን ይህን የምታደርጊው 10,000 ብሯ የሆነ ቦታ ካለችሽ ነው። ከሌለችሽ ተዪው።

ከዚያ ሌሎች ኩባንያዎችን ዙሪ። ደሴም ኮምቦልቻም ቅርንጫፉ ሞልቷል። የሙሉ ኢንሹራንስ መቶኛ በየኩባንያው ይለያያል፤ ሦስት ቦታ ብትጠይቂ አንድ ቁጥር አትሰሚም። ሊብሬሽን፣ የአምናውን ውልና ካሁኑ ኩባንያሽ የካሳ ታሪክሽን የሚገልጽ ደብዳቤ ይዘሽ ሂጂ። ስለ ስፖኪዮዋ እንዳትዋሺ። ካሳ ጠይቀሽ «አልጠየቅኩም» ካልሽ ትልቁ ጉዳት ሲመጣ እሱን መዝዘው ሊከለክሉሽ ይችላሉ። ደግሞ ዝቅ ያለ ዋጋ የሰጠሽ ኩባንያ የሚጠግነው በየትኛው ጋራዥ እንደሆነ፣ ለአሮጌ መኪና አዲስ ዕቃ ሲገጠም የእርጅና ተቀናሽ ስንት እንደሚይዝ ጠይቂ። ርካሹ የት ላይ እንደቀነሰ የሚታወቀው እዚያ ጋ ነው።

ኩባንያ ከለወጥሽ አንድም ቀን ክፍተት አይኑር። ሳይከፈል ሽፋን የለም፤ ዱቤ አይሰጡሽም። ግንቦት 30 አልቆ ሰኔ 1 ጠዋት ሐረጎ ላይ ብትገጪ የዓመቱ ክፍያሽ አይረዳሽም። ሦስት ሳምንት ቀደም ብለሽ ጀምሪ።

አሁን ደግሞ የማትወጂውን ልንገርሽ። ውልሽ ላይ የተሳፋሪ ሽፋን የሚለው ረድፍ ባዶ ነው። ሦስት ሰው በየቀኑ ጭነሽ! በቀነስሽው ብር ላይ ይቺን ጨምሪ። ነገሩ በዚህም አያበቃም። መኪናሽ የተመዘገበችው በግል አገልግሎት ነው። ባልደረባ ነዳጅ ሲያግዝ አንድ ነገር ነው፣ በሰው ይህን ያህል ብለሽ ስታስከፍዪ ሌላ ነው። ሁለተኛው የንግድ ሥራ ይባላል፤ ካሳም ያስከለክላል። ባልደረቦችሽ እንዴት እንደሚያግዙሽ አልነገርሽኝም። በየወሩ እኩል እኩል እያዋጡ ከሆነ ለኩባንያው ግልጽ አድርገሽ ንገሪና መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ።

እነዚያው ባልደረቦችሽ «ሦስተኛ ወገን ብቻ» አሉሽ አይደል? ሦስተኛ ወገን ግዴታ ነው፤ እሱን ሁሉም ይገባል። ግን ያንቺን መኪና አይጠግንም። የሚክሰው አንቺ የጎዳሽውን ሰውና ንብረት ነው። መኪናዋ ነገ ገደል ብትገባ «ሌላ እገዛለሁ» የምትይ ከሆነ ግቢበት። በአስተማሪ ደሞዝ ግን ይህን የምትይ አይመስለኝም። መንገድሽ ደግሞ ሐረጎ ነው። በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ ከፊትሽም ከኋላሽም ከደረቅ ወደቡ የወጣ ተሳቢ አለ። መኪናሽ ከሰኞ ገበያ እስከ ፒያሳ ብቻ የምትል ብትሆን ሌላ ነገር እመክርሽ ነበር።

ስለ ጦርነትም ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። መደበኛው ሙሉ ኢንሹራንስ ጦርነትን አይሸፍንም። በ2014 ከሆነው በኋላ የተቃጠለ መኪናቸውን ፎቶ ይዘው መስኮቴ ላይ የቆሙትን ሰዎች አልረሳቸውም። የከፈሉበትን ደረሰኝ ያሳዩኛል፤ እኔ የውሉን ገጽ አሳያቸዋለሁ። ለሽፍታና ለታጣቂ ጥቃት፣ እንዲሁም ለፖለቲካ ሁከት ተጨማሪ ክፍያ የሚጠየቅበት ሽፋን አለ። «ሙሉ» ማለት ሁሉን ማለት አይደለም። የምትመላለሺበትን መንገድ የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ዋጋውን ጠይቀሽ መዝኚው።

ለብሩ ደግሞ መምህራን እቁብ አላችሁ አይደል? 26,000 ለ12 ወር ሲካፈል 2,200 ብር አይሞላም። ዕጣው ቀድሞ ከወጣልሽ የግንቦቱ ሰው ጋ ተቀያየሪ። ያለ ወሩ ዕጣ የሚፈልግ አይጠፋም፤ ሠርግ ያለበት ደስ ብሎት ይቀይርሻል። እኔ ዲኤክሷን እስክሸጥ ድረስ ኢንሹራንሷን የከፈልኩት በእቁብ ነው።

ጥያቄ፦ አይሱዙ አለኝ፤ ከባቲ እህል አመላልሳለሁ። የሦስተኛ ወገን ክፍያ ከበደኝ። በርካሽ የሚሰጥ ኩባንያ ካወቅሽ ብትጠቁሚኝ።
ከሐይቅ

መልስ፦ አባባ፣ አይድከሙ። የሦስተኛ ወገን ዋጋ በመንግሥት ደንብ የተተመነ ነው፤ እንደ መኪናው ዓይነትና አገልግሎት ይለያያል እንጂ በኩባንያ አይለያይም። ሐይቅ ቢጠይቁ፣ ወልድያ ቢሄዱ ያው ነው። «እኔ በቅናሽ አወጣልዎታለሁ» የሚል ሰው ከመጣ ስቲከሩን ደህና አድርገው ይዩት፤ ምናልባት ጭራሽ ኩባንያ የለውም። ሳይገቡ መንዳትንም እንዳያስቡት። ቦሎም አያገኙም። ሰው ቢጎዱ ለተጎጂው የመድን ፈንድ ይከፍልና ዞሮ እርስዎን ይጠይቅዎታል። መቀነስ የሚችሉት ሙሉ ኢንሹራንስ ካለዎት እሱ ላይ ነው፤ ከላይ ለኮምቦልቻዋ እህቴ ያልኩትን ያንብቡ።

ጥያቄ፦ ወለድ ያለበት ነገር ውስጥ መግባት አልፈልግም። ተካፉል የሚባለው ይረክሳል ወይ?
ከደሴ

መልስ፦ ስለ ሐላሉ ሸሆቹን ጠይቅ፤ እኔ ስለ ወረቀቱ ነው የማውቀው። ተካፉል ላይ ደንበኞቹ በአንድ ቋት መዋጮ ያደርጋሉ፤ ጉዳት የደረሰበት ከዚያ ይካሳል። ኩባንያው ቋቱን ለማስተዳደር ክፍያ ይወስዳል። በዓመቱ መጨረሻ ትርፍ ከተገኘ እንደ ውሉ ለአባላቱ ሊመለስ ይችላል። አገራችን ውስጥ ይህን መስኮት የከፈቱ ኩባንያዎች አሉ። ይረክሳል ብዬ ግን ቃል አልገባልህም። መዋጮውም እንደ ሌላው በመኪናህ ዋጋ ላይ ነው የሚሰላው። ሦስት ኩባንያ ስትዞር አንዱ ተካፉል ይሁን፣ ቁጥሩን አወዳድር።

የቪትዟ ባለቤት፣ አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ኩባንያዎቹ ጋ ስትሄጂ መኪናዋን አጥበሽ፣ ጠዋት 2፡30 ላይ ሂጂ። ወጥተው ሳያዩዋት አያስገቡሽም፤ አሮጌ ጭረት ካለ በፎቶ ይመዘግቡታል። ከሰዓት በኋላ ከሄድሽ ደግሞ «ሲስተም የለም» ይሉሻል። እኔም 19 ዓመት ብያለሁ።